የጎረቤትሽን ለቅሶ ዛሬም መድረስ ትችያለሽ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ወሎ ውስጥ ካለችው ከሐይቅ ከተማ የመጣ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ የሐይቅ ልጅ ነው፤ አባቱ ሲያርፉ ቤቱና ቦታው ለእሱ ስለደረሰው ዓምና ልጃችንን ይዘን መጣን። እሱ ከአስጋሪዎች ዓሣ እየተረከበ ደሴ ይልካል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ለሚገኝ መሥሪያ ቤት እዚሁ ቤቴ ተቀምጬ በኮምፒውተር ሒሳብ እሠራለሁ። ቤታችን ከውኃው አይርቅም፣ አገሩም ውብ ነው፤ ግን አልቻልኩም። የገዛሁት ሥጋ ስንት ኪሎ እንደሆነ ሳይቀር መንደሩ ያውቃል። በቀን ሦስቴ ቡና ይጠሩኛል፤ ሥራ እያለብኝ እንዴት ልሂድ? አልችልም ስል ሰነበትኩ፤ አሁን መጥራቱንም ተዉት። ከሁለት ወር በፊት አጥር የምንጋራቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ባላቸው ሞቱባቸው። ባለቤቴ የዚያን ዕለት ደሴ ነበር። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ መሄድ ይገባኝ እንደሆነ፣ ምን እንደሚባል፣ ምን እንደሚለበስ ግራ ገብቶኝ በሬን ዘግቼ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ሁሉ ቀዘቀዘ። ‹ከባሏ ተጣልታ ልትሄድ ነው› ይባላል አሉ። የባለቤቴ አክስት እዚሁ ሰፈር ናቸው፤ ጥያቄ ስለሚያበዙብኝ እሸሻቸዋለሁ። ዕድሩን እዚህ ቅሬ ይሉታል፤ ባለቤቴ ‹ቅሬ ግቢ፣ ትለምጂዋለሽ› ከማለት ሌላ ቃል የለውም። ልጄ አራት ዓመቱ ነው፤ ሐይቁ ያስፈራኛል። እኅቴ አዲስ አበባ አንድ ክፍል አዘጋጅታ እየጠበቀችኝ ነው። ልሂድ ወይስ ልቆይ?»

አብሽሪ እታለም። ስለ መሄድና መቅረቱ እንመጣበታለን፤ የለቅሶው ነገር ግን ይቀድማል። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ቡናውም፣ ሐሜቱም፣ የሰላምታው መቀዝቀዝም ዞሮ ዞሮ እዚያ ላይ ያርፋል።

ወሎ ውስጥ ሙስሊሙ ሲሞት ክርስቲያኑ ይቀብራል፣ ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ ይቀብራል። ይሄ ለእንግዳ የሚነገር የመስተንግዶ ወሬ አይደለም። በብዙ መንደር ቅሬው አንድ ነው፤ መዋጮውም፣ ድንኳኑም፣ ቀብሩም የጋራ ነው። የዚያን ዕለት ከአጥርሽ ማዶ አንዷ እንጨት ተሸክማ፣ አንዷ ውኃ ቀድታ፣ አንዷ ምጣድ ጥዳ ስትገባ ስትወጣ ውላለች። ከመካከላቸው መስቀል ያሰሩም፣ ሻሽ የጠመጠሙም ነበሩ። በጣም ቅርብ የሆነው ቤት ደግሞ ተዘግቶ ዋለ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ዘግቶ መዋል ማንንም አያስከፋም፤ ጎረቤትም ማን እንደሞተበት ሳይታወቅ ሳምንት ያልፋል። እዚህ ግን ማንም «አላወቀችበት ይሆናል» ብሎ አላሰበም። የሁሉም ሰው ግምት «ንቃን ነው» የሚል ነው። አንቺ እንዳልናቅሻቸው እኔ ከደብዳቤሽ አይቻለሁ፤ እነሱ ግን ደብዳቤሽን አላነበቡም።

ደጉ ነገር፣ ለቅሶ ዘግይቶም ይደረሳል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው በዓመቱም ቢሆን «አልሰማሁም ነበር» ብሎ ይደርሳል፤ ቤተሰቡም ቡና አፍልቶ ይቀበለዋል። ያንቺ ደግሞ ሌላ የሚያመቸው ነገር አለው። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች። በዚህ ጊዜ አታጌጥም፣ ሽቶ አትቀባም፣ ችግር ካልገጠማት በቀር ከቤቷ አትወጣም። ሁለት ወር ሆኖታል ብለሻል። ስለዚህ ጎረቤትሽ ዛሬም ቤታቸው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ቀን ግርግር አልፏል፣ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ዘመድ ወደየቤቱ ተመልሷል፤ የሚጠይቃቸው ሰው የሚቀንሰው በዚህ ጊዜ ነው። አሁን ብትሄጂ ለአንቺም ለእሳቸውም ከዚያን ዕለቱ ይልቅ ሰፋ ያለ ጊዜ አለ።

እንዴት እንደምትሄጂ ልንገርሽ፤ ያስቀረሽ አለማወቁ ነው ብለሻልና። ከሰዓት በኋላ ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፤ የምትሸሺያቸውን የባልሽን አክስት ለምኚያቸው፣ እሳቸው ያስገቡሽ። ረጅም ቀሚስ ልበሺ፣ ነጠላሽን ተከናነቢ፣ በር ላይ ጫማሽን አውልቂ። ጥሬ ቡናና ስኳር ያዢ። ሥጋ ነክ ነገር ይዘሽ አትሂጂ፤ ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም። ይህንን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አይቀየምበትም፤ ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ ለብቻ ያሳርዳል፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያኖቹ እንደዚሁ ያደርጋል። ሽቶና ጌጥም ለስጦታ አይታሰብም፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬሻለሁ።

ስትገቢ «ፈጣሪ ያጽናዎት» በይ። ይህ ቃል በሁለቱም ቤት ያገለግላል። «አላህ ያጽናዎት» ብትዪም ከክርስትናሽ የሚቀነስ ነገር የለም፤ የወሎ ክርስቲያን ሲለው የኖረ ነው። ቀጥለሽ እውነቱን ተናገሪ፦ «የዚያን ዕለት አልደረስኩም። ለአገሩ እንግዳ ነኝ፣ ደንቡን አላውቅም፣ ፈርቼ ቤቴ ቀረሁ። ይቅር ይበሉኝ።» ይበቃል። «አልሰማሁም» እንዳትዪ፤ ኡኡታው አጥርሽን ተሻግሮ እንደመጣ ያውቃሉ። «ሥራ በዝቶብኝ» ደግሞ ጨርሶ እንዳትዪ፤ ከሞት የሚበልጥ ሥራ የለም ይሉሻል፣ ልክም ናቸው። ምናልባት ይቆጡሻል። «ምነው ልጄ፣ አጥር ለአጥር ሆነን!» ካሉሽ ደስ ይበልሽ፤ ሰው የሚቆጣው የእኔ የሚለውን ነው። ዝም ብለሽ ስሚያቸው። ስለ ሟቹ ጠይቂያቸው፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ፣ ስንት ዓመት አብረው እንደኖሩ። ሐዘንተኛ የሚፈልገው የሚያዳምጠው ሰው ነው፤ አንቺ ደግሞ በመንደሩ ታሪካቸውን ገና ያልሰማሽ አንዷ ሰው ሳትሆኚ አትቀሪም። ቡና ከተፈላ እስከ በረካው ቆዪ።

ባልሽ ከደሴ ሲመለስ ደርሶ ይሆናል። እሱ የደረሰው ወንዶቹ ዘንድ ነው። ከሴቶቹ መካከል የጎደልሽው አንቺ ነሽ፤ እሱ ሊሞላልሽ አይችልም።

አሁን ወደ ቡናው። በቀን ሦስቴ መሄድ እንደማትችዪ ግልጽ ነው፤ ደመወዝሽ የሚመጣው ከዚያ ኮምፒውተር ነው። ጎረቤቶችሽ ግን ይህን ማን ነገራቸው? እነሱ የሚያዩት ቀኑን ሙሉ ቤቷ ተቀምጣ፣ ወደ ማሳም ወደ ገበያም ሳትወጣ፣ ቡና ስትጠራ «ሥራ አለኝ» የምትል ሴት ነው። ምን ሥራ? ስለዚህ አንድ ቀን ቤትሽ ጥሪያቸውና አሳያቸው። ኮምፒውተሩን ክፈቺ፣ «ይሄ የድርጅቱ ሒሳብ ነው፤ እስከዚህ ሰዓት ካላደረስኩ ከደመወዜ ይቆረጣል» በያቸው። የሰውን ሥራ የሚያከብር ሕዝብ ነው፤ ሰዓትሽን ካወቁት ራሳቸው ይጠብቁልሻል። ከሦስቱ ቡና አንዱን ምረጪ፤ ለሥራሽ የሚያመቸው የማታው ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የጠዋቱን ሲጠሩሽ «አልችልም» ብለሽ አትዝጊው፤ «የማታውን እመጣለሁ» በይና ሳታጓድዪ ሂጂ። ተራሽ ሲደርስም አፍዪ፤ እጣኑን፣ ቆሎውን፣ ቄጠማውን አሟልተሽ። እየጠጡ አለማፍላት አለመጠጣትን ያህል ያስወራል። አንዳንድ ቀን የግድ መነሳት ካለብሽ አቦሉን ጠጥተሽ ብድግ አትበዪ። ከተቀመጡት በዕድሜ የሚበልጡትን «ይመርቁኝና ልሂድ» በያቸው። ተመርቆ የወጣ ሰው አይታማም ባልልሽም፣ ሐሜቱ ይለዝባል።

ሐሜቱን በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ የሥጋሽን ኪሎ ማወቃቸው አይቀርም። ትንሽ ቦታ ነው፤ ሉካንዳው ይታወቃል፣ ፌስታሉ ይታያል። ልትለውጪ የምትችዪው የማያውቁትን ክፍተት በምን እንደሚሞሉት ነው። «ከባሏ ተጣልታለች» የተባለው ስለ አንቺ የሚያውቁት አንድም ነገር ስላልነበረ ነው። ከየት እንደመጣሽ፣ እናትሽ በሕይወት እንዳሉ፣ ምን እንደምትሠሪ፣ ልጅሽ ስሙን ማን እንዳወጣለት ቢያውቁ የሚያወሩት እሱን ይሆናል። ወሬውን ማን እንደጀመረው ለማወቅ አትልፊ፤ ብታገኚያትም የምታተርፊው ጠብ ነው።

ወደ አክስትየው ልመለስ። ጥያቄ ያበዛሉ ብለሻል። እኔ ደግሞ የምልሽ መልሰሽ ጠይቂያቸው ነው፤ የማይነጥፍ ጨዋታ አላቸው። ዛሬ ባልሽ የሚነግድበት ቆሮሶ የሐይቁ ነባር ዓሣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው ከሌላ ውኃ አምጥተው የጨመሩት። የእሳቸው ዕድሜ ሰዎች ከዚያ በፊት የነበረውን ሐይቅ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ዱሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባበታል። ገዳሙ ሴት ስለማይገባበት አንቺም እሳቸውም ከውጭ ሆናችሁ ነው የምታዩት፤ ውኃው በዕድሜያቸው ውስጥ የት ድረስ ይመጣ እንደነበር፣ የት እርሻ እንደሆነ ግን እየጠቆሙ ያሳዩሻል። እንዲህ ዓይነት ሴት በቀን ሃያ ጥያቄ ብትጠይቅሽ ምን አለበት? ደግሞም ስለ አንቺ በየቡናው የሚመልስልሽ ሰው ያስፈልግሻል። «የለም፣ የእኔ ልጅ እንደዚያ አይደለችም» የሚል አንድ የተከበረ አፍ ካለሽ፣ ሌላው ቀስ በቀስ ይስተካከላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ በደሴም በሐይቅም አልፏል። ጎረቤቶችሽ ያንን ጊዜ አብረው ያዩ፣ አብረው የተደበቁ፣ ያላቸውን ተካፍለው የበሉ ሰዎች ናቸው። አንቺ አልነበርሽም። ስለዚያ ጊዜ አስቀድመሽ አትጠይቂ፤ ራሳቸው ሲያነሱት አዳምጪ። አንዳንዴ ዝም ሲሉ ያንቺ ነገር አስከፍቷቸው ላይሆን ይችላል።

ቅሬውን ግቢ ያለሽ ባልሽ ልክ ነው፤ አነጋገሩ ነው ያጠረው። የቅሬውን ዳኛ አግኝታችሁ የአባቱ ስም በመዝገብ ላይ እንዴት እንዳለ፣ አዲስ መመዝገብ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ። መዋጮው ላይ አትከራከሩ። ገንዘቡ ግን ትንሹ ነገር ነው፤ ቅሬ በአካል መገኘት ነው፣ የቀረም ይቀጣል። ሥራ ላይ ሆነሽ ጥሩምባ ቢነፋ ምን እንደምታደርጊ ከመሥሪያ ቤትሽ ጋር ከአሁኑ ተነጋገሪ። «የሠፈር ቀብር ሲኖር ግማሽ ቀን እወጣለሁ፣ በማግሥቱ አካክሳለሁ» ብትያቸው የሚገባቸው ይመስለኛል፤ እነሱም ዕድር ያላቸው ሰዎች ናቸው።

አንተንም ልናገርህ፣ ይህን ከሚስትህ ጋር የምታነብ ከሆነ። «ትለምጂዋለሽ» ምክር አይደለም። ይህች ሴት እናቷን፣ እኅቷን፣ ያደገችበትን ሰፈር ትታ የመጣችው ወደ አንተ አገር ነው፤ ደንቡን የምታውቀው አንተ ነህ። የዚያን ዕለት ከደሴ ደውለህ «አክስቴን ይዘሽ ግቢ፣ እንዲህ በይ» ብትላት ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። ከእንግዲህ ወዲህ ለአንተ ግልጽ የሆነው ሁሉ ለእሷ ግልጽ እንዳልሆነ አስብ። ማን ከማን ጋር ዘመድ ነው፣ ማን ከማን ተቀያይሟል፣ የማን ቤት አስቀድሞ ይገባል፤ ማታ ማታ ተቀምጠህ ንገራት። ዓሣውን የሚያስረክቡህ አስጋሪዎች የእነዚሁ ቡና የሚጠሯት ሴቶች ባሎችና ልጆች ናቸው። ቤትህ ከተኮረፈ ነጋ ጠባ ታንኳ ዳር ቆመህ የምትጠብቀው ዓሣ ወደ ሌላ ነጋዴ መሄዱ አይቀርም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሴቶች ጉዳይ ነው ብለህ አትተወው። ከምታመጣው ዓሣም ለጎረቤት አድርስ። ዓሣ ማረድ ስለሌለበት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ሳህን ይበላዋል፤ ከሥጋ ጋር ያለው ችግር እዚህ የለም። የባልቴቷ ቤት አሁን ገቢ የሚያመጣ ወንድ የለበትም ይሆናል። አስጠብሰህም፣ ጥሬውንም ላክላቸው።

ስለ ልጅሽ መፍራትሽ ተገቢ ነው። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ነው። አራት ዓመት ልጅ ያለ ጠባቂ የሚተውበት ዕድሜ አይደለም፤ ከግቢው ወደ ውኃው በሚወስደው በኩል ጠንካራ አጥር አሠሪ። ሁለተኛው ነገር ከመስጠም ያነሰ ቢመስልም ችላ አይባልም። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ ሰውን የሚይዘው ቀንድ አውጣ በሚኖርበት ቄጠማማና ጥልቀት በሌለው የውኃ ዳር ነው፤ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው፣ መጠጣት አያስፈልገውም። ልጁ ዳር ላይ እንዲንቦጫረቅ አትፍቀጂለት፣ በተለይ እኩለ ቀን አካባቢ። ገላውን ከሐይቅ በተቀዳ ውኃ የምታጥቢው ከሆነ አፍልተሽ አቀዝቅዢው። ሆዱን ካመመው ወይም ሰገራው ላይ ደም ካየሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ በቀላል ምርመራ ይታወቃል፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒትም አለው። ከአጥርና ከመድኃኒት ሌላ ደግሞ የሥጋሽን ኪሎ የሚቆጥሩት ዓይኖች አሉልሽ። ልጅሽን በስሙ ካወቁት፣ አንቺ ኮምፒውተር ላይ ሳለሽ ወደ ውኃው ሲወርድ ያየች ሴት ጆሮውን ይዛ ትመልስልሻለች። ስሙን እንዲያውቁት አድርጊ፤ ለቡና ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ።

እንግዲህ ልሂድ ወይስ ልቆይ ላልሽው። ባልሽ እጁን የሚያነሳብሽ፣ የሚያዋርድሽ ሰው ቢሆን ኖሮ በዛሬው መኪና ውጪ እልሽ ነበር። ደብዳቤሽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ አሁን አትሂጂ። አሁን ብትሄጂ የተወራብሽን እውነት አድርገሽው ትሄጃለሽ፤ ያልደረስሽው ለቅሶም እንዳልተደረሰ ይቀራል፣ ባልሽም በዚያ መንደር ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። ከሰዎቹ ጋር ከተዋወቅሽ በኋላ፣ ክረምቱንም አጨዳውንም አብረሻቸው ካየሽ በኋላ፣ አሁንም ሕይወቴ እዚህ አይደለም ብትዪ ግን እኔ አልወቅስሽም። ሁሉም ሰው ለትንሽ ቦታ አይፈጠርም። ያን ጊዜ ከባልሽ ጋር ተቀምጣችሁ፣ ምናልባትም ደሴ ላይ ቤት ተከራይታችሁ መኖርን ጨምራችሁ ታስቡበታላችሁ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለእሱም ሥራው አይርቅበትም። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ያለ ምክንያት እንባ የሚመጣብሽ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ሳትጠብቂ ደሴ ወጥተሽ ሐኪም አማክሪ። ያ የጎረቤት ጉዳይ አይደለም።

ለእኅትሽ ደውዪና ክፍሉን እንድታከራየው ንገሪያት። ሳምንት ለጥየቃ ብትሄጂ ከእሷ ጋር ታድሪያለሽ። ባዶ ክፍል እየጠበቀሽ እንደሆነ እያወቅሽ ግን ቡና ላይ ብትቀመጪም ልብሽ አይቀመጥም፤ ሰዎቹም ይታወቃቸዋል። ለጥየቃውም ስትሄጂ ሳትናገሪ አትጥፊ፤ «በዚህ ቀን ሄጄ በዚህ ቀን እመለሳለሁ፣ ከአዲስ አበባ ምን ላምጣላችሁ?» ብለሽ ዞረሽ ጠይቂ።

ከጎረቤትሽ ቤት ስትመለሺ ጻፊልኝ። ምን እንዳሉሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።